ተራራ ያላትና ተራራ የሌላት፦ ኑሮ በሲሸልስና በማልዲቭስ

ከሲሸልስ ሕዝብ ከመቶ ሰማንያ አምስት በላይ የሚሆነው ማሄ በምትባል አንድ ደሴት ላይ ይኖራል። ማልዲቭስ ውስጥ ግን ሰው የሰፈረባቸው ደሴቶች ወደ 187 ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት ይበዛል። ሁለቱም አገሮች ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም እንጀራቸው ቱሪስትና ቱና ዓሣ ነው፣ በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ደግሞ ማንም አይለያቸውም። የዓለም ባንክ ሲሸልስን ከከፍተኛ ገቢ አገሮች ተርታ ሲያስቀምጣት ማልዲቭስን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋታል፤ ብዙ ሰውም ንጽጽሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ምደባው ስለ ዕለት ኑሮ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ትናንሽ የደሴት አገሮችን ሳስተያይ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ መንግሥት የውሃ ማጣሪያ፣ ጄኔሬተር፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ስንት ቦታ መትከል አለበት ብዬ ነው። ለሲሸልስ መልሱ በዋናነት ሦስት ነው፤ ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ። ለማልዲቭስ 187 ነው። ሌላው ልዩነት አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ቁጥሩን ያመጣው ደግሞ ከእግር በታች ያለው ድንጋይ ነው። ሕዝብ የሚኖርባቸው የሲሸልስ ደሴቶች ግራናይት ናቸው። ማሄ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ሞርን ሴሸልዋ የሚባለው ተራራዋ ግን 905 ሜትር ይደርሳል። ማልዲቭስ በሙሉ ኮራል ናት፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የገነቡት ድንጋይ፤ በ26 የተፈጥሮ አቶሎች (ቀለበት መሰል የኮራል ክምችቶች) ላይ የተደረደረ አሸዋ። አማካይ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 1.5 ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታዋም 2.4 ሜትር አካባቢ ነው። የብሷ ስፋት 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። በ2022 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ቆጠራ 515,132 ሰው የተመዘገበ ሲሆን ከአራቱ አንዱ የውጭ ዜጋ ነበር። ሲሸልስ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት አላት፤ ሕዝቧ ግን 100 ሺህን ብዙም አያልፍም።

ከውሃ እንጀምር፤ ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

ኮራል ደሴት ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም። ዝናቡ አሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከታች ባለው የባሕር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የባሕር ውሃ ከዝናብ ውሃ በ2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ፣ በስሌት ከባሕር ጠለል በላይ ለቆመ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ጨው አልባ ውሃ ከበታቹ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኖራል። በተግባር ማዕበሉ በቀን ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚቀላቅለው ሽፋኑ ከስሌቱ በጣም ይሳሳል። በድሮው አኗኗር አንድ ቤተሰብ ከጓሮው ጉድጓድ በባልዲ እየቀዳ ሲጠቀም ይህ ሽፋን ይበቃ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲመጣ ነው። ፓምፑ በአንድ ነጥብ ላይ በፍጥነት ሲስብ ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉድጓዱ አንዴ ጨው ከሆነ ለመመለስ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ይፈልጋል። ሁለተኛው ጠንቅ መጸዳጃ ቤት ነው። የቤቱ ግቢ ጠባብ ስለሆነ የሽንት ቤቱ ጉድጓድና የውሃው ጉድጓድ የሚለያዩት በጥቂት ሜትር ነው፣ ኮራል አሸዋ ደግሞ ቆሻሻን የማጣራት አቅሙ ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ደሴቶች የጉድጓድ ውሃ ለልብስና ለሽንት ቤት ብቻ ይውላል። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ወይም በፋብሪካ የተጣራ የባሕር ውሃ ነው።

በታኅሣሥ 2004ቱ ሱናሚ ባሕሩ የጉድጓዶችን ውሃ ካበላሸ በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ለብዙ ቤቶች 2,500 ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ታንከር አደሉ፤ እኛ ሮቶ የምንለው ዓይነት ነው። የሚበቃ ይመስላል፤ እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይወርዳል፤ በአሸንዳው የሚፈሰውና የሚተነው ሲቀነስ 800 ሊትር ገደማ ይገባል። ታንከሩ በሦስትና በአራት ጥሩ ዝናብ ይሞላል ማለት ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በነፍስ ወከፍ በቀን 10 ሊትር ቢጠቀም 50 ሊትር ይፈጃል፣ ታንከሩም 50 ቀን ያቆያል። በጋው ግን ከጥር እስከ መጋቢት ሦስት ወር ገደማ ነው። ወደ 40 ቀን የሚሆን ጉድለት አለ። መንግሥት በየዓመቱ በበጋ መጨረሻ ለብዙ ደሴቶች ውሃ በጀልባ የሚያከፋፍለው በዚህ የተነሳ ነው። ሁለተኛ ታንከር የገዛ ቤት ይተርፋል፤ ያልገዛው ከጎረቤት ይለምናል።

ታንከሩን በአግባቡ መያዝም ሙያ ነው። ከበጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያው ላይ የባሕር ጨው፣ የወፍ ኩስና አቧራ ጠርጎ ስለሚመጣ መጣል አለበት፤ ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 50 ሊትር። ቧንቧው ከታንከሩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ካልተገጠመ ዝቃጩ አብሮ ይቀዳል። መተንፈሻውና ማፍሰሻው በጥብቅ ወንፊት ካልተሸፈነ ታንከሩ ውስጥ የዴንጊ ትንኝ ይፈለፈላል፤ ዴንጊ ማልዲቭስ ውስጥ የተለመደ በሽታ ነው። ወንፊቱ በፀሐይ ይደርቅና ይቀደዳል፤ በጊዜው የሚቀይረው ቤት ግን ብዙ አይደለም።

ዋና ከተማዋ ማሌ ይህን ሁሉ ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ ማጣሪያ ፋብሪካ ዞራለች። ከሥሯ የነበረው ውሃ ከመጠን በላይ ተስቦና ተበክሎ ካለቀ ቆይቷል። በታኅሣሥ 4 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) በማጣሪያው ፋብሪካ እሳት ተነሳ፤ የማሌ ቧንቧዎች በአንድ ቀን ደረቁ። ሕንድ በአውሮፕላንና በመርከብ ውሃ ላከች፤ ሕዝቡም በየሱቁ ለታሸገ ውሃ ተሰልፎ ሰነበተ። በአንድ ፋብሪካ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ ምን ያህል ክምችት ማስቀመጥ እንዳለበት ከዚያ ወዲህ ነው በቁም ነገር መነጋገር የተጀመረው።

ሲሸልስ ዝናብ አያንሳትም፣ ማስቀመጫ እንጂ። ማሄ ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ተራራው ላይ ከዚያም ይበልጣል። ወንዞቹ ግን አጫጭርና ቁልቁል ናቸው። ግራናይት ውሃ አያጠልልም፤ ጠዋት የዘነበው ከሰዓት በኋላ ባሕር ይገባል። ትልቁ ማጠራቀሚያ ላ ጎግ የሚባለው ግድብ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግድግዳው 6 ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ሲሳሱ የውሃና መብራት ድርጅቱ ውሃ በሰዓት መመጠን ይጀምራል። ያን ጊዜ እዚያም ቤት ሁሉ ሮቶ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ የማሄው ሮቶ ለሰዓታት መቋረጥ መሆኑ ነው፤ የማልዲቭሱ ለወራት። ሌላም አለ፤ ማሄ ላይ ከፍ ያለ ቦታ የተሠራ ማጠራቀሚያ ያለ ፓምፕ ውሃውን በራሱ ክብደት ቁልቁል ያደርሳል። ሜዳ የሆነ ደሴት ላይ እያንዳንዱ ጠብታ ግፊት የሚያገኘው ከፓምፕ ነው። መብራት ከጠፋ ውሃም ጠፋ።

መብራቱስ? ሁለቱም በአብዛኛው የሚያመነጩት በነዳጅ ነው። ሲሸልስ በማሄ አንድ ትልቅ መስመር አላት፤ ላ ዲግ ደግሞ መብራቷን የምታገኘው ከፕራስሊን በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ነው። በ2013 ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ወደብ አጠገብ ስምንት የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል፤ በጠቅላላው 6 ሜጋዋት ናቸው። ማልዲቭስ ውስጥ እያንዳንዷ ደሴት የራሷ ጄኔሬተር ቤት አላት። የባሕር ውሃ ለማጣራት ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በትንሽ ጄኔሬተር ይህ አንድ ሊትር ገደማ ናፍጣ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ለማግኘት አንድ ሊትር ናፍጣ በጀልባ ማመላለስ ማለት ነው።

ጄኔሬተር ቤቶቹ የሚታመሙበት ምክንያትም ከውጭ ሲታይ አይገመትም። ደሴቲቱ ወደፊት ታድጋለች ተብሎ ትልቅ ሞተር ይገዛል። ሌሊት ሰዉ ሲተኛ የሚፈለገው ኃይል ከሞተሩ አቅም ሲሶ በታች ይወርዳል። ናፍጣ ሞተር በዚህ ሁኔታ በደንብ ስለማይሞቅ ነዳጁን በሙሉ አያቃጥልም፤ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ዘይት ይበላል፣ በመጨረሻም ይቆማል። መፍትሔው መጠናቸው የተለያየ ሦስት ሞተሮች አስቀምጦ እንደ ሰዓቱ መቀያየር ነው። ለዚህ ደግሞ በየደሴቱ ንቁ ባለሙያና መለዋወጫ ይፈለጋል፤ መለዋወጫው ከማሌ በሚመጣው በቀጣዩ ጀልባ ይደርሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፀሐይ ኃይልና ባትሪ ከጄኔሬተሩ ጋር እየተጣመረ ነው። ለፓነል የሚሆን ትርፍ መሬት ስለሌለ የትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። ጨዋማው አየር የማሰሪያ ብረቱን ስለሚበላው አልሙኒየምና የማይዝግ ብረት ግድ ነው፤ ተራ ጋልቫናይዝድ ብሎን እዚያ ዕድሜ የለውም።

ወደ ቤት ስንመጣ ሁለቱ አገሮች የተገላቢጦሽ ናቸው። ማሌ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይዛለች። ከየደሴቱ ሰው የሚጎርፈው ሥራ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ሊያስጨርስ ወይም የታመመ ወላጁን ሊያስታምም የሚመጣው ብዙ ነው። ሁለት ክፍል መኝታ ያለው ቤት በወር 15,000 ሩፊያ (የማልዲቭስ ገንዘብ ነው) ቢባል ማንም አይደነግጥም። በ2022 የወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ ግን እንደ ድርጅቱ መጠን ከ4,500 እስከ 8,000 ሩፊያ ነው። በመሆኑም አንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ወንድማማቾች ሳሎን ውስጥ በፈረቃ ይተኛሉ። መንግሥት መልሱን የፈለገው ባሕር በመድፈን ነው። ሁሉማሌ የምትባለው ሰው ሠራሽ ደሴት መደፈን የጀመረችው በ1997 ነው። ከ2018 ጀምሮ ከማሌ ጋር በድልድይ ተገናኝታለች፤ ባለ 25 ፎቅ 16 ሕንፃዎች ተሠርተውባት 7,000 ቤቶች ተዘጋጅተዋል። ለአዲስ አበባ አንባቢ ኮንዶሚኒየሙን፣ ዕጣውን፣ የሊፍቱንና የውሃውን ጭቅጭቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከማሌ ይልቅ ሁሉማሌ መኖር ይሻላል ባይ ነኝ፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መሬቱም ከባሕር ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተደፈነ ነው።

ማሄ ላይ መሬት ያለ ይመስላል፣ ግን ቁልቁለት ነው። ከአገሪቱ የብስ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ነው፤ ከቀረው ውስጥ ሜዳው በባሕሩ ዳር ያለ ጠባብ ጥብጣብ ነው። ወደ ላይ ለመሥራት መጀመሪያ ቋጥኙን መስበር፣ ቀጥሎ የድጋፍ ግንብ መሥራት፣ ከዚያም መኪና የሚያስወጣ መንገድ መጥረግ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የድጋፍ ግንቡና መንገዱ የቤቱን ያህል ያስወጣሉ። ግንቡ ላይ የሚሠራው የታወቀ ስህተት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መርሳት ነው፤ ቀዩ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ግንቡን ይገፋዋል። በታኅሣሥ 7 ቀን 2023 ከባድ ዝናብ በሰሜን ማሄ መሬት አንሸራቶ ሰው ገድሏል፤ በዚያው ሌሊት ፕሮቪደንስ የኢንዱስትሪ ሰፈር የፈንጂ መጋዘን ፈንድቶ ነበርና አገሩ በአንድ ቀን ሁለት አደጋ አስተናገደ። ሲሸልስም እንደ ማልዲቭስ ባሕር ደፍናለች፤ ፐርሴቬራንስ በምትባለው የተደፈነች ደሴት ላይ ከ2,000 በላይ ቤቶች ሠርታ ለዜጎቿ አከፋፍላለች። ኤደን አይላንድ የምትባለው ሌላዋ ግን የጀልባ ማቆሚያ ያላት፣ ለውጭ አገር ሀብታም የተሠራች ናት።

ሐኪም ፍለጋ ላይ የደሴቱ ቁጥር ክብደት ይበልጥ ይሰማል። ሲሸልስ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ለዜጎች በነፃ እንዲሰጥ ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል፤ በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ አለ፣ ዋናው ሆስፒታል ደግሞ ለአብዛኛው የማሄ ነዋሪ ከአንድ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ አይርቅም። ማልዲቭስም አሳንዳ የሚባል ለሁሉም ዜጋ የሚሠራ የጤና መድን ከ2012 ጀምሮ አላት፤ በወረቀት ላይ ያለው ሽፋን ለጋስ ነው። ችግሩ መድን ጀልባውን አያፈጥነውም። ማዕበል ባለበት ሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ወደ አቶሉ ሆስፒታል ለማድረስ ፈጣን ጀልባ፣ ካፒቴን፣ ነዳጅና የባሕሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ታላሴሚያ ነው። ማልዲቭስ የዚህ የደም በሽታ ተሸካሚዎች ከሚበዙባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ ከሕዝቡ ከመቶ 16 ያህሉ ዘረ መሉን ይይዛል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ከአራት ልጅ አንዱ በሽታውን ሊወርስ ይችላል፤ የታመመ ልጅ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ደም መውሰድ፣ ከደሙ የሚከማቸውን ብረትም በመድኃኒት ማስወገድ አለበት። በዚህ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ማሌ የሚከራይ ቤተሰብ አለ። ልብና ካንሰር ከሆነ ግን ከሁለቱም አገሮች ሕመምተኛ ወደ ሕንድና ስሪላንካ ይላካል።

ሲሸልስ የራሷ ሕመም አላት፤ ሄሮይን። ከ100 ሺህ ብዙም በማይበልጥ ሕዝብ ውስጥ ተጠቃሚው በሺዎች ይቆጠራል፤ መንግሥት ሜታዶን የሚባለውን ሄሮይንን የሚተካ መድኃኒት በየቀኑ ያድላል። የሥራ ገበያው ላይ ያመጣው ነገር በቀላሉ አይታይም፦ ቀጣሪው የአገሬውን ወጣት ትቶ የውጭ ሠራተኛ ይጠራል፤ ወጣቱም ሥራችንን ወሰዱብን ይላል። ማልዲቭስም ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ አይደለችም፣ ግን እንዲህ አፍጥጦ የወጣው ሲሸልስ ላይ ነው።

ስለ ባሕሩ ሲወራ ማልዲቭስ ትሰጥማለች ይባላል፤ ይህ አባባል ሰው ዛሬ የሚያደርገውን ይሸፍናል። በ1987 ማዕበል ማሌን ካጥለቀለቀ በኋላ በጃፓን እርዳታ ደሴቲቱ በአራት እግር ኮንክሪት ታጠረች። ኮንክሪቶቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ማዕበሉ በመካከላቸው ሲገባ ጉልበቱ ይሰበራል። በሱናሚው ማልዲቭስ ውስጥ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል። ካንዶሉዱ የምትባለው ደሴት ለመኖሪያ ስለማትሆን ሕዝቧ ድንኳንና ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ዱቫፋሩ ወደምትባል ሰው ያልኖረባት ደሴት ተዛወረ። አዲስ ሰፈር የተሠራው ከዜሮ ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ። የማሄ ሰው ተራራ ስላለው መሸሻ አለው፤ ንብረቱ ግን መሸሻ የለውም። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደቡ፣ የቪክቶሪያ መሥሪያ ቤቶችና ዋናው መንገድ ሁሉ ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ጥብጣብ ላይ ናቸው።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለቱም ሩዝ፣ ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት ያስመጣሉ፣ ሁለቱም የመሠረታዊ ዕቃ ዋጋ የሚያረጋጋ የመንግሥት ንግድ ድርጅት አላቸው። ማሄ ላይ ጓሮ ያለው ሰው የዳቦ ፍሬ፣ ካሳቫና ሙዝ ያገኛል፤ ማልዲቭስ ውስጥ ቶዱ የምትባለው ደሴት በሐብሐብና በፓፓያ ትታወቃለች፣ የቀረው በአብዛኛው ኮኮናትና ቱና ነው። የማልዲቭስ ዓሣ አጥማጅ ቱናን አንድ በአንድ በዘንግ ያወጣል፣ በመረብ አይዝም። የጠዋት ቁርሱም ከሽርክት ቱና፣ ከኮኮናት፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ የሚለወስ ማስ ሁኒ ከስስ ቂጣ ጋር ነው። ሲሸልስ ቱናውን በትላልቅ የውጭ መርከቦች አስወጥታ ቪክቶሪያ ባለው ፋብሪካ በቆርቆሮ ታሽገዋለች።

ከአዲስ አበባ ወደ ማሄ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አለ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ እነዚህ ደሴቶች ለሥራ መሄድን የሚያስብ አንባቢ አይጠፋምና ጥቂት ልጨምር። ሁለቱም አገሮች ለጎብኚ ቀድሞ የሚወጣ ቪዛ አይጠይቁም። ደላላ ይህን ይዞ “ግባና እዚያ ፈቃዱን ታወጣለህ” ይላል። አይሆንም። ሲሸልስ ውስጥ የሥራ ፈቃዱ በቀጣሪው ስምና በተወሰነ የሥራ መደብ ላይ የሚወጣ ነው፤ ቀጣሪ ሲቀየር ፈቃዱም እንደ አዲስ ይጀምራል። ማልዲቭስም ፈቃዱ ከመግባት በፊት በቀጣሪው ኮታ ላይ መውጣት አለበት። ዝቅተኛ ደመወዙ ለአገሬው ዜጋ እንጂ ለውጭ ሠራተኛ የተደነገገ አይደለም። በኅዳር 2022 ማሌ ውስጥ ከጋራዥ በላይ ባለ የሠራተኞች መኖሪያ በተነሳ እሳት 10 ሰው ሞቷል፤ ሟቾቹ የውጭ ሠራተኞች ነበሩ። ውል ስትፈርሙ ከደመወዙ እኩል መጠየቅ ያለበት ማደሪያው ነው፦ በአንድ ክፍል ስንት ሰው፣ ስንት መውጫ፣ መስኮቱ ይከፈታል ወይ።

ገንዘቡም ወሳኝ ነው። የሲሸልስ ሩፒ ከ2008ቱ ቀውስ ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚንቀሳቀስ ደመወዝን ዶላር አድርጎ መላክ ብዙም አያስቸግርም። የማልዲቭስ ሩፊያ ግን በአንድ ዶላር 15.42 ላይ ተይዟል፤ ባንክ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው ውስን ነው፣ የቀረው በጥቁር ገበያ ከዚያ በላይ ይሸጣል። በሩፊያ የተዋዋለ ሰው ደመወዙ በወረቀት ላይ ካለው ያንሳል ማለት ነው፤ ውሉ በዶላር ቢሆን ይመረጣል።

በሃይማኖት ጉዳይ ሲሸልስ አብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ ቪክቶሪያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የሂንዱ መቅደስ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በማልዲቭስ ሕገ መንግሥት ሙስሊም ያልሆነ ሰው ዜጋ መሆን አይችልም፣ ሌላ እምነት በአደባባይ ማምለክም ክልክል ነው። ለአምልኮ የሚውል ምስል፣ የአሳማ ሥጋና አልኮል ጉምሩክ ላይ ይያዛል። የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ሙስሊም ለሆነ ኢትዮጵያዊ ኑሮው ይቀልለው ይሆናል፤ ኦርቶዶክስ የሆነ ግን ቅዳሴ እንደማያገኝ አውቆ ይሂድ።

ሌላው የሚረሳ ነገር ውሉ የየትኛውን ደሴት ስም እንደሚጠራ ነው። ማልዲቭስ ውስጥ ሪዞርት ማለት አንድ ሙሉ ደሴት ነው፤ ሠራተኛው እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይበላል፣ ኪራይ አይከፍልም። በ2020 በተሻሻለው የሥራ ሕግ ሪዞርቶች ከእንግዳ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይሰበስባሉ፣ ከዚያም 99 በመቶው ለሠራተኛው በእኩል መከፋፈል አለበት። ይህ ድርሻ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የእንግዳ ወቅት ከመነሻ ደመወዙ ሊበልጥ ይችላል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ሲመጣ ይቀንሳል። ማሌ ላይ የሚቀጠር ደግሞ ተመሳሳይ መነሻ ደመወዝ ይዞ ኪራይ ይከፍላል፣ ከአገልግሎት ክፍያውም ላይደርሰው ይችላል። ሲሸልስ ውስጥ ሆቴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ማሄና ፕራስሊን ላይ ከአገሬው ሰፈር ጎን ስለሚገኙ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከሱቅ ይገዛል፣ ከሰው ይገናኛል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል።